ሰባ ለሠላሳ፦ ብራዚልና ቻይና አንድ ሳተላይት አብረው የሠሩበት ጉዳይ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ከሰሜን ቻይና የታይዩዋን ጣቢያ የተነሳውን ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ስለወሰደ ነው። በዚያ ማለዳ ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው ነገሩን በቀጥታ ሥርጭት ተከታተሉ። ሮኬቱ የተዘጋጀው ግን ለእሷ አልነበረም። ዋናዋ ተሳፋሪ ሲበርስ-4ኤ የምትባል፣ 1,730 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ብራዚልና ቻይና አብረው የሠሯት ሳተላይት ነበረች። የእኛዋ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበረች፤ ከሌሎች ትናንሽ ሳተላይቶች ጋር በተረፈው ቦታ ተጭና ሄደች።

ይህን የማነሳው የእኛን ለማንኳሰስ አይደለም። በዚያ ሮኬት ጫፍ ላይ አንዲት በማደግ ላይ ያለች አገር ከሌላዋ ጋር ቴክኖሎጂ የምትጋራባቸው ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለነበር ነው። ከሁለቱ በደንብ ሊጠና የሚገባው የብራዚሉ ይመስለኛል፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ፣ ከሽፎ የተነሳ፣ ውጤቱም በግልጽ የሚታይ ነውና። ደካማ ጎኑም እንዲሁ ይታያል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ለምን ተፈላለጉ

ብራዚል ወደ ድርድሩ የመጣችው ባዶ እጇን አልነበረም። ኢንፔ የሚባለው ብሔራዊ የስፔስ ምርምር ተቋሟ ሥረ መሠረቱ ከ1961 ይጀምራል። በ1973 ኩያባ በሚባል ከተማ፣ ከደቡብ አሜሪካ እምብርት አካባቢ፣ የአሜሪካውን የላንድሳት ሳተላይት ምስል የሚቀበል አንቴና ተከለ። ከአሜሪካና ከካናዳ ቀጥላ እንዲህ ያለ ጣቢያ ያቆመችው ብራዚል ናት። ከቻይና ጋር ስትፈራረም እንግዲህ ባለሙያዎቿ የሳተላይት ምስል ማንበብ ከጀመሩ 15 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ምን ዓይነት ምስል እንደሚፈልጉ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደሚፈልጉት፣ ለምን እንደሚጠቀሙበት ያውቁ ነበር። አማዞን በእግርም በመኪናም ተዞሮ የሚያልቅ ደን አይደለም፤ ከላይ ካላዩት በቀር ምን ያህሉ እንደተጨፈጨፈ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ላንድሳትን ለንግድ ኩባንያ የሚያስረክብ ሕግ አወጣ፤ የምስሉም ዋጋ ተሰቀለ። አንዱ ምስል ከ4,000 ዶላር በላይ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። በ1987 ደግሞ ሰባት የበለጸጉ አገሮች የሚሳይል ቴክኖሎጂ ወደ ሌላው ዓለም እንዳይወጣ የሚያደርግ ስምምነት አወጡ፤ የራሷን ሮኬት ለመሥራት ታቅድ የነበረችው ብራዚል እሱም በር ዘጋባት። ምስሉ በሰው እጅ ነው፤ ሮኬቱም እንደዚያው።

ቻይና በበኩሏ ከ1970 ጀምሮ በራሷ ሮኬት ሳተላይት ታመጥቅ ነበር። ምድርን ፎቶ የምታነሳው ግን በፊልም ነበር፤ ሳተላይቱ ለጥቂት ቀናት ይዞርና ፊልሙን የያዘው ክፍል ተመልሶ መሬት ይወድቃል። ለዓመታት ሰማይ ላይ ቆይቶ ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ሳተላይት አልነበራትም። ከምዕራቡ ዓለም የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ጋር የነበራት ግንኙነትም ቀጭን ነበር። ብራዚል ዕቃ እንደልቧ የምትገዛ፣ የላንድሳትን ምስል አሠራር ከውስጥ የምታውቅ አገር ነበረች።

ሐምሌ 6 ቀን 1988 ፕሬዚዳንት ዦዜ ሳርኔይ ቤይጂንግን ሲጎበኙ ስምምነቱ ተፈረመ። ሁለት ሳተላይቶች ይሠራሉ፤ ግምቱ 150 ሚሊዮን ዶላር፤ 70 በመቶው የቻይና፣ 30 በመቶው የብራዚል ድርሻ። ሠሪዎቹ በብራዚል በኩል ኢንፔ፣ በቻይና በኩል ካስት የሚባለው የስፔስ ቴክኖሎጂ አካዳሚ ናቸው። ቻይናውያን ሳተላይቶቹን በቤት ስማቸው ዚዩዋን ይሏቸዋል።

ድርሻ ማለት ምን ነበር

የዚህ ጉዳይ አንኳር ያለው እዚህ ነው። ሠላሳ በመቶው ብራዚል ለቻይና የምትከፍለው ገንዘብ አልነበረም፤ አገሯ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ነበር። የሳተላይቷ አጽም፣ ፀሐይ ተቀባዩ ክንፍና የኃይል አቅርቦቱ፣ በሰፊው የምታየው ካሜራ፣ መሬት ላይ ከተተከሉ ትናንሽ መለኪያዎች የዝናብና የወንዝ መረጃ የሚሰበስበው መሣሪያ ለብራዚል ተሰጡ። ቻይና 20 ሜትር የምታጣራውን፣ ማለትም መሬት ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር ለይታ የምታሳየውን፣ ዋናውን ካሜራ፣ የኢንፍራሬድ መሣሪያውን፣ ሳተላይቷ ፊቷን ወደ ምድር አቅንታ እንድትቆም የሚያደርገውን የአቋም መቆጣጠሪያ፣ በመጨረሻም ሮኬቱን ያዘች።

አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት ማለት ነው። የአንዱ በሬ ቢከሳም በሬ ነው፤ ከቀንበሩ ሥር ይገባል። በሬ የሌለው ገበሬ ግን የሚቀናጀው አያገኝም፤ ወይ ይከራያል ወይ ይለምናል። የብራዚል በሬ ከሲታ ነበር። ሆኖም ከስምምነቱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1987፣ ሳኦ ዦዜ ዶስ ካምፖስ በሚባለው ከተማ የሳተላይት መገጣጠሚያና መፈተሻ ላቦራቶሪ ከፍታ ነበር። ይህ ላቦራቶሪ በኋላ ስንት ነገር እንዳተረፈ እናያለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቆመ ቢባል ይቀላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትመጥቃለች የተባለችው ሳተላይት ዓመት በዓመት ወደ ኋላ ተገፋች። ብራዚል በዋጋ ንረት ትናጥ ነበር፤ በ1993 ብቻ ንረቱ ከ2,000 በመቶ አልፏል። በጥር የተመደበ በጀት በሰኔ ምንም አይገዛም። ቻይናውያኑ ድርሻቸውን እየሠሩ የብራዚልን ይጠብቁ ነበር፤ በ1993 ተጨማሪ ስምምነት ተደርጎ ነው ነገሩ ነፍስ የዘራው። በዚህ ወቅት ቻይና ትቻት ብትሄድ የሚወቅሳት አልነበረም። ያልሄደችበትን ምክንያት ፖለቲካው ውስጥ የሚፈልጉ አሉ፤ እኔ ግን ከፊሉ ቀላል ነው እላለሁ፦ የጎደለው ክፍል ብራዚል ላይ ነበር፤ ያለ እሱ ሳተላይቷ አትሞላም።

ሲበርስ-1 ጥቅምት 14 ቀን 1999 ከታይዩዋን ተነሳች። ከፊርማው 11 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ክብደቷ 1,450 ኪሎ ግራም ያህል፤ 778 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየዞረች በየ26 ቀኑ ወደ ጀመረችበት መስመር ትመለሳለች። በዚያው ሮኬት ብራዚል ሳሲ-1 የምትባል የራሷን ትንሽ የሳይንስ ሳተላይት ልካ ነበር፤ እሷ ምሕዋር ገባች እንጂ ድምፅዋ ሳይሰማ ቀረች። አብሮ የተሠራው ሲሰምር ብቻን የተሠራው አልሰመረም፤ በጊዜው ብራዚላውያንን ሳያሳዝን አልቀረም።

ሁለተኛዋ የተገጣጠመችው ብራዚል ውስጥ ነው። ይህ ለውጥ ለውጭ ተመልካች ትንሽ ይመስላል። ከቻይና የመጡት ሳጥኖች ሳኦ ዦዜ ዶስ ካምፖስ ገብተው ከብራዚሎቹ ጋር ተገናኙ፤ መሐንዲሶቹም አብረዋቸው መጡ። የጋራ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነበር፤ ለሁለቱም ወገን የሰው ቋንቋ። የሳተላይት ገመናዋ የሚወጣው ስትገጣጠም ነው። ለብቻው ሲፈተሽ ደህና የነበረ ሳጥን ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ይረብሻል፤ በሥዕሉ ላይ የገጠመ ብሎን በእጅ ሲሞክሩት አይደርስም፤ አንዱ ሰነድ በአንድ አገር ልማድ፣ ሌላው በሌላ አገር ልማድ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ጠቅላላዋን ሳተላይት ንዝረት ጠረጴዛ ላይ አውጥተው እንደ ሮኬት ያንቀጠቅጧታል፤ አየር በተመጠጠበት ክፍል ከትተው ያሞቋታል፣ ያቀዘቅዟታል። ይህን አንዴ ያየ መሐንዲስ በሥልጠና ሰርተፊኬት የማይገኝ ነገር ይዞ ይወጣል። ሲበርስ-2 ተፈትሻ ወደ ቻይና ተላከችና ጥቅምት 21 ቀን 2003 መጠቀች፤ የመጀመሪያዋ ሥራዋን ካቆመች ሁለት ወር ገደማ ብቻ ቆይቶ።

ምስሉን በነጻ መስጠት

ብዙ ጊዜ ሳተላይት ሲነሳ ስለ ሮኬቱ ይወራል፤ ምስሉ የት ገባ የሚል ጠያቂ አይገኝም። ብራዚል እዚህ ላይ ያደረገችው ነገር ከሳተላይቷ ሥራ የማይተናነስ ይመስለኛል። በ2004 ኢንፔ የሲበርስን ምስል በኢንተርኔት ለብራዚላውያን በነጻ ለቀቀ። አውርዶ መጠቀም ነው፤ ደብዳቤ የለ፣ ክፍያ የለ። አሜሪካ የላንድሳትን ማኅደር በነጻ የከፈተችው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው።

ምስሉ ሲሸጥ ገዥው ጥቂት ነበር፤ ኢንፔ ራሱ፣ አንዳንድ ሚኒስቴር፣ ትልልቅ ኩባንያ። ነጻ ሲሆን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛውም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም፣ የሸንኮራ እርሻውም፣ የደን ጠባቂውም ተጠቃሚ ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወረዱት ምስሎች ከ1 ሚሊዮን አለፉ። ለቀጣዩ ሳተላይት በጀት ሲጠየቅ "ለማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሆነው ይህ ሕዝብ ነው። የሚጠቀምበት ሰው የሌለው ሳተላይት በበጀት ክርክር ላይ ጠበቃ የለውም።

የአማዞንን ነገር ስንመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንፔ በየዓመቱ የተጨፈጨፈውን ደን የሚለካበት ፕሮዴስ የሚባለው ሥራ የተጀመረው በ1988 ሲሆን በዋናነት የቆመው በላንድሳት ምስል ነው። በ2004 የተጨመረው ዴቴር የሚባለው ፈጣን ማስጠንቀቂያም መጀመሪያ የተነሳው በናሳ መሣሪያ ምስል ነው። በፕሮዴስ ልኬት በ2004 የተጨፈጨፈው 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2012 ወደ 4,571 ወረደ። ይህን ሁሉ ለሲበርስ መስጠት ውሸት ይሆናል፤ ሕግ፣ ፖሊስ፣ የብድር ቁጥጥር፣ የገበያው ጫና ሁሉ አሉበት። የሲበርስ ድርሻ ሌላ ነው፦ አገሪቱ የምታየው በሰው ዓይን ብቻ እንዳይሆን አደረገ። ኋላ ዴቴር ራሱ ከናሳው መሣሪያ ወጥቶ በሲበርስ-4 ሰፊ ካሜራና በሕንድ ሳተላይት ምስል ላይ ተመሠረተ።

በ2019 መንግሥት የዴቴርን ቁጥር አልወደደውም። የኢንፔ ዳይሬክተር ሪካርዶ ጋልቫዎ ከፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ ጋር በአደባባይ ተከራከሩና ከሥልጣን ተነሱ። ሰውየው ተነሱ እንጂ ቁጥሩ አልተነሳም። ምስሉ ነጻ ስለነበር የፈለገ ሁሉ አውርዶ ራሱ መቁጠር ይችል ነበር።

ለአፍሪካም የተገባ ቃል ነበር። በኅዳር 2007 ኬፕ ታውን በተደረገ የምድር ምልከታ ጉባኤ ላይ ብራዚልና ቻይና የሲበርስን ምስል ለአፍሪካ አገሮች በነጻ እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ ተቀባይ ጣቢያዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በግብፅና በካናሪ ደሴቶች ሊሆኑ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በዚያው ዓመት የመጠቀችው ሲበርስ-2ቢ ግን በ2010 ሞተች፤ ተተኪ አልነበራትምና ለአራት ዓመት ተኩል የሚታደል አዲስ ምስል ጠፋ።

አምሳ ለአምሳና አሥራ አንድ ሰከንድ

በ2002 ሁለቱ አገሮች ለሲበርስ-3 እና ለሲበርስ-4 ሲፈራረሙ ድርሻው እኩል ሆነ። ከ30 ወደ 50 መውጣት በክብር በኩል ድል ነበር፤ በሥራ በኩል ግን ሸክም። ብራዚል አሁን ሁለት ካሜራ ልትሠራ ነው፤ አንደኛው 20 ሜትር የሚያጣራ፣ በፊት የቻይና የነበረ ዓይነት። ሥራው ሳኦ ካርሎስ ከተማ ላለ የኦፕቲክስ ኩባንያ ተሰጠ። በብራዚል ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ ተሠርቶ አያውቅም።

መሰናክሉ ከሌላ ቦታ መጣ። አሜሪካ ከ1999 ጀምሮ ሳተላይትንና የሳተላይት ዕቃን ከጦር መሣሪያ ጋር መድባ ለቻይና እንዳይደርስ ከልክላ ነበር። ብራዚላውያኑ አሜሪካ ሠራሽ ዕቃ ሲያዙ "መጨረሻው የት ነው?" ይባላሉ፤ በቻይና ሮኬት ጫፍ ላይ ነው። አንዳንዱ ተከለከለ፤ ሌላ አቅራቢ መፈለግ፣ ዕቃውን የያዘውን ክፍል እንደገና መንደፍ ግድ ሆነ። የተፈቀደውም ጣጣ ነበረው። ከሳተላይቷ ዋና መስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለየመሣሪያው በሚስማማ መጠን የሚቀይሩ፣ ክብሪት ቤት የሚያህሉ የኃይል መቀየሪያዎች ከአሜሪካ ተገዝተው ሳተላይቷ ውስጥ ገብተው ነበር። በፍተሻ ላይ ጉድለት ተገኘባቸው። ይህን ያህል ትንሽ ዕቃ ለመቀየር የተዘጋ ሳጥን ይከፈታል፣ ሰሌዳው ይወጣል፣ ተመልሶ ይዘጋል፣ ፍተሻውም ከሀ ይጀመራል። ለ2012 ታቅዶ የነበረው ጉዞ ወደ 2013 ተገፋ፤ የመጀመሪያው ዕቅድ ደግሞ ከዚያም በዓመታት የቀደመ ነበር። የቻይናን በር ለመዝጋት የወጣ ሕግ በዚህ ሥራ ላይ በይበልጥ የጎዳው ብራዚልን ነው፤ ቻይና በዚያ ጊዜ ብዙውን ዕቃ ራሷ መሥራት ጀምራ ነበር።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2013 ሲበርስ-3 ተነሳች። የሮኬቱ ሦስተኛ ክፍል ሞተር ከታሰበው 11 ሰከንድ ቀድሞ ጠፋ። ለመዞር የሚያስፈልጋት ፍጥነት ስላልሞላ ሳተላይቷ አንድ ዙር እንኳ ሳትጨርስ ወደ ምድር ተመልሳ ጠፋች። በብራዚል የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ካሜራ፣ የአሥር ዓመት ሥራ፣ አንድ ምስል ሳይልክ ቀረ። ሎንግ ማርች 4ቢ እስከዚያ ድረስ አስተማማኝ የሚባል ሮኬት ነበር።

እዚህ ላይ ሽርክናው ሊፈርስ ይችል ነበር። ብራዚል ውስጥ ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች ወዲያው ተቀምጠው የወሰኑት ግን ሲበርስ-4ን በአንድ ዓመት ቀድሞ ማምጠቅ ነው። ዕቃው ነበር፤ ሲበርስ-4 የሲበርስ-3 መንትያ ስለነበረች ክፍሎቿ ተዘጋጅተዋል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በብራዚል ሊደረግ የታሰበው መገጣጠም ወደ ቻይና ዞረ። ለብራዚል መሐንዲሶች መራራ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ያለው መገጣጠሙ ላይ ነውና። ሲበርስ-4 ታኅሣሥ 7 ቀን 2014 መጠቀች፤ የሎንግ ማርች ሮኬቶች 200ኛ ጉዞ ነበር። ተነድፋ ከታሰበላት ዕድሜ አልፋ ሠራች። ሲበርስ-4ኤ ደግሞ ሳኦ ዦዜ ዶስ ካምፖስ ተገጣጥማ በ2019 በአውሮፕላን ወደ ቻይና ሄደች።

ማን ምን ተማረ

በመግለጫዎች ላይ "የቴክኖሎጂ ሽግግር" የሚባለው ነገር ተካሂዷል ወይስ አልተካሄደም ለማለት ሁለቱ አገሮች ብቻቸውን ሲሆኑ ምን ሠሩ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቻይና በታኅሣሥ 2011 ዚዩዋን 1-02ሲ የምትባል ሳተላይት አመጠቀች፤ ብራዚል የሌለችበት፣ ከሲበርስ ቤተሰብ የወጣች። በዚያን ጊዜ ብራዚል ሰማይ ላይ አንድም የምድር ምልከታ ሳተላይት አልነበራትም፤ ሲበርስ-3 ገና እየተፈተሸች ነበር። ከዚያ በኋላ ቻይና የከፈተችው ርቀት ለማንም ግልጽ ነው። በ1988 ሁለቱ ከሞላ ጎደል የሚተያዩ ነበሩ።

ብራዚል በበኩሏ የካቲት 28 ቀን 2021 አማዞኒያ-1ን በሕንድ ሮኬት ከስሪሃሪኮታ ላከች፤ ራሷ ነድፋ፣ ገጣጥማ፣ ፈትሻ የምትመራት የመጀመሪያዋ የምድር ምልከታ ሳተላይት። ካሜራዋ የሲበርስ ሰፊ ካሜራ ዘር ነው። አጽሟ፣ የኃይል አቅርቦቷ፣ ፍተሻዋ ሁሉ አገር ውስጥ የተሠራ ነው። የአቋም መቆጣጠሪያዋ ግን ኢንቫፕ ከሚባለው የአርጀንቲና ኩባንያ ተገዛ። በሲበርስ ያንን ክፍል የሠራችው ቻይና መሆኗን አንባቢ ያስታውሳል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተሠርቶ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ተጠጥቶ፣ በስብሰባ ብዛት ሰነድ ተለዋውጦ፣ ብራዚል የራሷን ሳተላይት ልትሠራ ስትነሳ የምታውቀው እጇ የነካውን ብቻ ነበር። የቻይና ሳጥን ተዘግቶ መጣ፣ ተዘግቶ ሄደ።

ቻይናን ለመውቀስ አልፈልግም። የብራዚልም ሳጥን እንዲሁ ነበር። በውሉ ላይ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ይሠራል እንጂ የሌላውን ይማራል የሚል አልነበረም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በወዳጅነት አይገኝም። ሌላው የብራዚል ችግር የራሷ ነው፦ በሁለት ሳተላይቶች መካከል ለኢንዱስትሪው ሥራ አልነበረም። ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ከሲበርስ በኋላ ገንዘብ አጥሮት ተንገዳግዶ የሕዋ ክፍሉ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄደ። ካሜራ መሥራት የቻለ ሰው በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ ካሜራ ከሠራ ሙያው ይረሳዋል ወይም ሰውየው ይሄዳል።

ወደ እንጦጦ ስንመጣ

ስለ ኢቲአርኤስኤስ-1 በወቅቱ የተነገረው ወጪ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። ሰባ አምስት ለሃያ አምስት መሆኑ ነው፤ በወረቀት ላይ ከብራዚል የ1988 ድርሻ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ገንዘቡ የት ሥራ ሆነ የሚለው ላይ ነው። የእኛ ሳተላይት የተሠራችውና የተገጣጠመችው ቻይና ነው፤ 20 ያህል ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እዚያ ሠልጥነዋል፤ እንጦጦ ላይ መቆጣጠሪያና መቀበያ ጣቢያ ተተክሏል። 13.7 ሜትር የሚያጣራ ካሜራ ነበራት፤ የታሰበላት ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር።

ይህን ከብራዚል ጋር ሲያስተያዩት ሁለት ስሜት ይመጣል። አንዱ የሚያበሳጭ ነው፦ "እኛ ምን ሠራን?" የሚል። ሌላውን እኔ እመርጣለሁ። ብራዚልም የጀመረችው በአንቴና ነው፤ ከኩያባ ጣቢያ እስከ ሲበርስ-1 ድረስ 26 ዓመት ፈጅቶባታል። ከመቀበያ ጣቢያ መጀመር የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳስበው ጣቢያው ላይ መቅረት ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስምምነት ተደራዳሪዎቻችን ስለ ገንዘቡ መቶኛ ብዙ ባይጨነቁ እላለሁ። የሚሻለው ጥያቄ "የትኛዋን ሳጥን ነው እኛ አገር የምንሠራት?" የሚለው ነው። ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም፤ የባትሪ መቆጣጠሪያ ትሁን፣ የአንቴና ክፍል ትሁን፣ ሳተላይቷ ያለ እሷ የማትሞላ እስከሆነች ድረስ። በበጀት ዓመት መሀል ስትቋረጥ ሌላው ወገን የሚጠብቀን ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ምስሉ ነው። የኢትዮጵያ ሳተላይት ያነሳችውን ምስል አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ ማታ ከቤቱ ሆኖ ማውረድ ካልቻለ፣ ሳተላይቷ ለእሱ ያው ዜና ናት። ብራዚል በ2004 ያደረገችው ነገር ሮኬት አይጠይቅም፤ ውሳኔና አንድ ሰርቨር ይጠይቃል።

ሲበርስ ራሱ አላበቃም። በሚያዝያ 2023 ፕሬዚዳንት ሉላ ቤይጂንግ ሲሄዱ ሲበርስ-6ን ለመሥራት ተፈራርመዋል። ይህችኛዋ ካሜራ ሳይሆን ራዳር የምትይዝ ናት፤ ራዳር ደመናን አልፎ ያያል፣ አማዞን ደግሞ የዓመቱን ብዙ ወራት በደመና የተሸፈነ ነው። በሥራ ክፍፍሉ ብራዚል ሳተላይቷን ተሸክሞ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ትሠራለች፤ አማዞኒያ-1 ላይ የሞከረችው ዓይነት። ራዳሩን የምትሠራው ቻይና ናት። ሳጥኑ በዚህኛው ጊዜ ተከፍቶ ይመጣ እንደሆነ ውሉን የተፈራረሙት ሰዎች ጠይቀው መሆን አለበት፤ ካልጠየቁ ብራዚል ከአሥር ዓመት በኋላ የራሷን ራዳር ስትፈልግ እንደገና ገበያ ትወጣለች።